ፋን ቀይሮ ካርድ የመግደል ጥበብ

ኅዳር ላይ የግራፊክስ ካርድዎ ፋን መንኳኳት ሲጀምር አይስሙት። የጥር ሙሽሮች ገና ሽማግሌ አልላኩም፤ ኤዲት የሚደረግ የሰርግ ቪዲዮ የለም፤ ጊዜ ሞልቷል። ደግሞም ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው፤ ሞቅ ሲለው ዝም ይላል። ዝም ካለ ደህና ነው። ድምፁ ከባሰ የኮምፒውተሩን ጎን በጥፊ ይበሉት። ይህች ጥፊ ስንቱን ሬዲዮና ቴሌቪዥን አስነስታለች፤ የ12 ቮልት ሞተር አያቅታትም። እሱም ካልሠራ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ሙዚቃውን ከፍ ያድርጉት።

ጥር ገብቶ ሰርግ በሰርግ ላይ ሲደራረብ፣ የሙሽራው እናት «ልጄ፣ ቪዲዮው ደረሰ ወይ?» እያሉ ሲደውሉ፣ ሬንደሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ስክሪኑ ድርግም ይላል። ምርመራ የሚጀመረው አሁን ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ፎርማት ነው። ፎርማት ያላዳነው ምን አለ? የሰርጉ ፋይል የነበረበት ዲስክ አብሮ ከጠፋ ፎርማቱ ጥሩ ተደርጎ ተሠርቷል ማለት ነው። ማሽኑ እንደገና ሲጠፋ «ቫይረሱ ከባድ ነው» ይበሉና ሌላ ዊንዶውስ ከሌላ ልጅ ፍላሽ ያስጭኑ። የካርዱን ሙቀትና ፋኑ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በነፃ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች አሉ። እንዳይከፍቷቸው። ዜሮ ዙርና 90 ዲግሪ ጎን ለጎን ተጽፎ ካዩ በቫይረሱ ላይ ያለዎት እምነት ሊናወጥ ይችላል።

ፋኑ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ይሂዱ። እ.ኤ.አ. ከ2014 አካባቢ ወዲህ የወጡ ብዙ ካርዶች ሥራ ሲቀላቸው፣ ሙቀታቸውም ከ50 ወይም ከ60 ዲግሪ በታች ሲሆን ፋናቸውን ራሳቸው ያቆማሉ፤ ሲሞቁ ራሳቸው ያስነሳሉ። እርስዎ ምንም ሳይከፍቱ ጎንበስ ብለው ይዩት፣ «ቆሟል!» ብለው ይጩኹ፣ ነቅለው ይጣሉት።

በዚህ መሃል ሁሉን አዋቂው ጓደኛዎ መምጣቱ አይቀርም። ኮምፒውተር የሚያውቀው ጌም ቤት በማምሸት ነው፤ ንግግሩ ሁሉ የሚያልቀው «ችግር የለውም» በሚል ነው። «አዲስ አበባ ራሷ ፍሪጅ ናት፤ ፋን ምን ያደርግልሃል? ጎኑን ከፍተህ ተወው» ይልዎታል። ይስሙት። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው አየራችን ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞር እዚህ ጠርጎ የሚወስደው ሙቀት እንደሚያንስ አይንገሩት፤ ቅር ይለዋል። ጎኑ ተከፍቶ ይደር። ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ሕንፃ አቧራም የራሱን ድርሻ ያገኛል።

አቧራው ሲበዛ ካርዱን ነቅለው ጎሚስታ ቤት ይውሰዱት። ብሩሽና ትዕግሥት የሴት ልጅ ሥራ ነው ብሎ ጓደኛዎ ስለነገረዎ፣ የሲኖትራክ ጎማ በሚነፋው ኮምፕሬሰር ያስነፉት። ፋኑን በጣትዎ እንዳይዙት! በነፋሱ ኃይል ሲፏጭ ማየት ደስ ይላል፤ ለዚያ ፍጥነት ያልተሠራው ቡሽ ሲበላ፣ ሞተሩም እንደ ዲናሞ ሆኖ ወደ ካርዱ ኤሌክትሪክ መልሶ ሲልክ ድምፅ አያሰማም። ከቱቦው ከነፋሱ ጋር የሚወጣው ውኃና ዘይት እንደ ምርቃት ይቆጠር።

ዘይት ካነሳን አይቀር፣ የፋኑ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እምብርቱ ውስጥ ያለው ቅባት ሲደርቅ ነው። አንድ ጠብታ ቀጭን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አዲሱ ፋን እስኪገኝ ድረስ ሊያቆየው ይችል ነበር። ማን ይፈልጋል? ወጥ ቤት የኑግ ዘይት አለ። ያንጠባጥቡበት፤ ያትረፍርፉለት ደግሞ፣ ስስት ደግ አይደለም። ለጥቂት ቀን ጸጥ ይላል፤ ጓደኛዎ «አላልኩህም?» ይላል። ከዚያ ዘይቱ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራው ይለጠፍበታል፣ ፋኑ ለዘለዓለሙ ያርፋል።

አሁን መግዛት ግድ ሆነ። ወደ መርካቶ ሲወርዱ አሮጌውን ፋን ቤት ይተዉት። ለነጋዴው «ጥቁር ነው፣ ሁለት ፋን አለው» ይበሉት፤ እንዲያ ያልሆነ ካርድ ስንት አለና! እጅዎን ዘርግተው መጠኑን በአየር ላይ ያሳዩት። እሱም ከደረደረው ውስጥ አንዱን አንስቶ «ለሁሉም ይሆናል፣ ኦሪጅናል ነው» ይልዎታል። በዋጋው ብቻ ይከራከሩና ይዘው ይምጡ። 85 ሚሊ ሜትር ሲጠብቁ 95 ሆኖ ከሽፋኑ ጋር ሲፋተግ ክንፉን በመቀስ ይከርክሙት።

አንተ ሰውዬ፣ ተጽፎልሃል እኮ! እምብርቱ ላይ ካልሆነ ጀርባው ላይ ሞዴሉ ከነቁጥሩ፣ 12 ቮልት የሚለው፣ አምፔሩ ከነነጥቡ ታትሞልሃል! ማንበብ ከከበደህ ፎቶ አንሳው። ያዘዝከውን ክትፎ ከአራት አቅጣጫ የምታነሳ ሰው ለዚህች ስቲከር ባትሪህ አለቀ? ክንፉን ከዳር እስከ ዳር በማስመሪያ ለካ፣ የቪቴዎቹን ርቀት ለካ፣ ገመዱን ቁጠር። በቃ፣ ሌላ ትምህርት የለውም! ይህን ሳታደርግ ተመልሰህ መጥተህ ነጋዴውን ትራገማለህ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጨጓራዬ ነው። ወደ ምክሩ እንመለስ።

የአሮጌውን ፋን ሶኬት ሲነቅሉ ገመዱን ይዘው ይጎትቱ፤ ሶኬቱ ከነእግሩ ከካርዱ ላይ ከተነሳ ቀጥሎ ያለው ሥራ ይቀላል። አዲሱ ፋን አራት ገመድ፣ ካርድዎ ሁለት ቢሆን አይጨነቁ። አንዱ ገመድ 12 ቮልት፣ አንዱ ኔጌቲቭ፣ አንዱ ፍጥነቱን ለካርዱ የሚናገር፣ አንዱ ከካርዱ ትእዛዝ የሚቀበል ነው እያሉ የሚያደክሙዎትን አይስሙ። በጥርስዎ ልጠው፣ ቀለም ከቀለም ሳይለዩ ጠምዝዘው፣ በናስትሮ ይጠቅልሉት። ካልዞረ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ይውሰዱለት፤ እዚያ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5 ቮልት ነው፤ ቀይ ያምራል፣ ቀዩን ይምረጡ። አቅጣጫውንም አይመርምሩ። ነፋሱ ወደ ማቀዝቀዣው ብረት መሄድ ሲገባው ወደ ፊትዎ ከመጣ በጥር ብርድ ቅዝቃዜውን ይቋቋሙት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መፍታቱ ነው። ብዙ ካርዶች ላይ ፋኑ የተያዘው በፕላስቲክ ሽፋኑ በኩል በጥቂት ትናንሽ ቪቴዎች ነው፤ እነሱን ብቻ ፈትቶ፣ ፋኑን አውጥቶ፣ አዲሱን አስሮ መግጠም ይቻላል። ይህ ግን ወንድነት አይደለም። እርስዎ ካቻቢቴዎን ይዘው በቀጥታ ከካርዱ ጀርባ፣ ቺፑን ከበው ወዳሉት አራት ስፕሪንግ ያላቸው ቪቴዎች ይሂዱ። ማቀዝቀዣው ብረት አልላቀቅ ሲል ከሥሩ ካቻቢቴ ሰክተው ይፈልቅቁት። ሜሞሪዎቹ ላይ የተለጠፉትን ለስላሳ ንጣፎች «ቆሻሻ» ብለው ይጥረጉ። በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚለያይ ውፍረት አላቸው፤ ከነበረው በወፈረ ንጣፍ ከተተኩ ብረቱ ቺፑን ሳይነካው ይቀራል፤ ሜሞሪውም ያለ እነሱ ሙቀቱን የሚያስረክበው ያጣል። እርስዎ ግን ንጽሕና ይወዳሉ።

በቺፑና በብረቱ መሃል የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት በአልኮል ፈንታ ከበዓል በተረፈ አረቄ ያርጥቡት፤ ቀሪውን ጓደኛዎ ያውቅበታል። አዲስ ፔስት አይግዙ፤ የጥርስ ሳሙና ነጭ ነው፣ ያም ነጭ ነው። እስኪደርቅ ድረስ ይሠራል፤ የሚደርቀው ደግሞ ሬንደር ላይ ነው። ብረቱን ሲመልሱ አንዱን ቪቴ እስከ መጨረሻው አጥብቀው ወደ ጎረቤቱ ይለፉ፤ በመስቀል አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ የፈሪ ነው። ቺፑ ጥጉ ላይ ጠቅ ሲል የሰሙት ድምፅ በትክክል መግጠሙን የሚያሳይ ነው።

ማን ፍታው አለህ? ፋን እኮ ነው የተበላሸው! ቺፑ ምን በደለህ?

ደህና። ካርዱ አሁን አይበራም። በፌስታል ጠቅልለው፣ ዘይቱንም ሳሙናውንም ሳያብሱ፣ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ «ፋን ብቻ ነው፣ እዚሁ ቆሜ ልጠብቅህ» ይበሉ። «ማን ነካው?» ሲባሉ ካርዱ ከዱባይ እንዲሁ እንደመጣ ይማሉ። ጓደኛዎ አብሮ ከመጣ ከጎን ሆኖ ጠጋኙን ያስተምረው። ቺፑ ተሰንጥቋል፣ ሶኬቱ ተነቅሏል፣ ካርዱ አይመለስም ተብለው የሌላ ካርድ ዋጋ ሲነገርዎ ደግሞ ዓይንዎን አፍጥጠው፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ደንበኛ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ለአንዲት ፋን ይሄን ሁሉ ብር?» ብለው ይውጡ።