ፈረስህን አንሣና ቅረብ!

«ከማሽን ፈረስ ለምኖ ቼዝ መጫወት አያሳፍርም?»

አያሳፍርም! ጨዋታው ሳይጀመር፣ ሰሌዳው ፊት፣ በግልጽ የተነገረ ነገር ውል እንጂ ልመና አይደለም። የሚያሳፍረው በእኩል ሠራዊት ማንም የሰው ልጅ የማይችለውን ተጋጣሚ «በእኩል ካልሆነ አልቀመጥም» እያሉ ቆሞ መዋል ነው። እንዲህ ያለው ኩራት ከፍርሃት በምን ይለያል? እኔ የመጣሁት ልገጥም ነው። ስለዚህ ማሽኑን ፊት ለፊት እለዋለሁ፦ ፈረስህን አንሣና ቅረብ!

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። ማሽኑ ከመጀመሩ በፊት ከራሱ ሠራዊት አንድ ያነሣል፤ ወታደር፣ ፈረስ፣ ግንብ፣ አንዳንዴም ንግሥቲቱን ራሷን። ሰውየው ግን ሙሉውን ይዞ ይገባል። በተለመደው ሒሳብ ወታደር 1፣ ፈረስና ጳጳስ እያንዳንዳቸው 3፣ ግንብ 5፣ ንግሥት 9 ይመዝናሉ። ፈረስ የሰጠ እንግዲህ ሦስት ወታደር ያህል ጎድሎበት ይነሣል። በሁለት ግራንድማስተሮች መካከል በጨዋታው መሀል እንዲህ ያለ ጉድለት ቢመጣ፣ የጎደለበት አብዛኛውን ጊዜ እጁን ዘርግቶ «አሸንፈሃል» ይላል።

«ድሮ እንዲህ ያለ ነገር መች ነበር? የዘመኑ ልጆች ስንፍና ነው» የሚሉኝም አሉ። ኧረ ጋሼ፣ ድሮማ ሞልቶ! በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በፓሪሱ ካፌ ደ ላ ሬዣንስም ሆነ በለንደን ቡና ቤቶች ብርቱው ለደካማው ሰጥቶ መጫወቱ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። ታላቁ ፊሊዶር ሰጥቶ ተጫውቷል። ዴሻፔል የተባለው ፈረንሳዊማ ሳልሰጥ አልጫወትም እስከ ማለት ደርሷል። አሜሪካዊው ፖል ሞርፊ አውሮፓ ሄዶ ያገኘውን ሁሉ ካሸነፈ በኋላ ወታደርና የመጀመሪያውን ተራ ሰጥቶ ከማንም ጋር ሊገጥም ዝግጁ መሆኑን አስታወቀ። ማን መጣ? ማንም! ሞርፊም ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ ከአደባባይ ጨዋታ ራቀ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የዘመኑ ብርቱዎች ያቺን አንድ ወታደር ቢቀበሉት ኖሮ ስንት ጨዋታ ይተርፈን ነበር! እነሱ ከሽንፈት አመለጡ፤ እኛ ግን ጨዋታዎቹን አጣናቸው።

ሌላው ደግሞ ይመጣና «ይህ ነገር በ1997 አብቅቶ የለም እንዴ?» ይላል። ያበቃውን ካላበቃው እንለይ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) የዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ በ1996 ፊላደልፊያ ላይ የአይ.ቢ.ኤምን ዲፕ ብሉ 4 ለ 2 ረታ፤ በዓመቱ ኒውዮርክ ላይ 3½ ለ 2½ ተረታ። በ2005 እንግሊዛዊው ማይክል አዳምስ ለንደን ላይ ሃይድራ ከሚባል ማሽን ጋር ስድስት ጊዜ ገጥሞ ግማሽ ነጥብ ብቻ ይዞ ወጣ። በ2006 የዓለም ሻምፒዮኑ ክራምኒክ ቦን ላይ በዲፕ ፍሪትዝ 4 ለ 2 ተሸነፈ። ያውም በሁለተኛው ጨዋታ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ማት ሳይታየው ንግሥቱን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደና ማሽኑ የራሱን ንግሥት ንጉሡ አፍንጫ ሥር አሳርፎ ጨረሰው። የእኩል ግጥሚያ ነገር ያኔ አበቃ፤ አልከራከርም። ጥያቄው ግን ገና መጀመሩ ነበር፦ የበለጠን በስንት ነው? «በብዙ» ብሎ መልስ የለም። በወታደር ነው? በፈረስ ነው? ቁጥሩን ንገረኝ!

ይህን ቁጥር ከምር ከፈለጉት አንዱ ላሪ ካውፍማን ነው። ራሱ ግራንድማስተር ነው፤ ሪብካ በሚባለው ፕሮግራም፣ በኋላም በኮሞዶ ሥራ ላይ እጁ አለበት። በ2007 ሪብካ ከኢስቶኒያው ተወላጅ ከያን ኤልቬስት ጋር ስምንት ጨዋታ ገጠመ፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ ከማሽኑ ወታደሮች አንዱ፣ በየተራ ሌላው እየተነሣ። ውጤቱ 5½ ለ 2½፣ ለማሽኑ። በዓመቱ ሮማን ጂንጂካሽቪሊ ወታደርም የመጀመሪያውን ተራም ተቀብሎ 4 ለ 4 ወጣ። በ2016 ሂካሩ ናካሙራ በየጨዋታው የተለያየ ስጦታ እየተቀበለ ከኮሞዶ ጋር አራት ጨዋታ ተቀመጠ። ሦስቱ አቻ አለቁ። በአራተኛው ናካሙራ ገና ከመነሻው አራት እርምጃ በነፃ እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ ተሸነፈ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ካሉት ጥቂት ብርቱዎች አንዱ ነበር እኮ። እንግዲህ ወታደር አይበቃም ማለት ነው።

ፈረስስ? በ2020 አውስትራሊያዊው ግራንድማስተር ዴቪድ ስመርደን፣ በሙያው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ፣ ከኮሞዶ ፈረስ ተቀብሎ ስድስት ጨዋታ ገጠመ። 5 ለ 1 አሸነፈ።

«ፈረስ ተሰጥቶት አሸነፈ! ይህ ምን ጀብዱ ነው?» ይሄኔ ነው ደሜ የሚፈላው። እስቲ ተቀመጥና ሞክረው! የመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ላይ ሁሉ ነገር ደህና ይመስልሃል። አንድ ፈረስ በልጠሃል፤ ማድረግ ያለብህን ደግሞ መጽሐፉ ሁሉ ይነግርሃል፦ መሣሪያ ተለዋወጥ፣ ወታደሮችህን ግን ጠብቅ። ሲጀመር ሒሳቡ 39 ለ 36 ነው፤ በዚህ መሀል ያንተ ብልጫ ተሰውሯል። ንግሥት በንግሥት፣ ግንብ በግንብ፣ ጳጳስ በጳጳስ፣ ፈረስም በፈረስ እየተለዋወጥክ ወታደሮቹና አንድ ፈረስህ ብቻ ቢቀሩ 11 ለ 8 ይሆናል፤ ያኔ ፈረስህን የሚመክት የለም። ሲነገር እንዴት ይቀላል! ማሽኑ ግን ይህን ካንተ በፊት ያውቃል። ጳጳስህን ለልውውጥ ስታቀርብለት፣ እንደ ባለ ዕዳ መንገድ እየቀየረ ይሸሽሃል። በአንድ ወገን ወታደሩን ወደ ንጉሥህ ይሰድዳል፤ በሌላው ግንቡን ያዞራል። አንዱን አደጋ ስትዘጋ ሁለት ይከፍትብሃል። ሰዓትህ ይሄዳል። እጅህ ያልባል። ከዚያ የማይገባህን ወታደር ትበላለህ፣ «ነፃ ነው» ብለህ፤ ከሦስት እርምጃ በኋላ ፈረሱን መልሰህ ከፍለሃል፤ ከአምስት በኋላ ንጉሥህ መግቢያ አጥቷል። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት እዚህ ሰሌዳ ላይ እውነት ነው። ፈረሱ ስመርደንን እስከ ጦር ሜዳው አደረሰው፤ የተዋጋው ራሱ ነው። ስድስት ጊዜ ተዋግቶ 5 ለ 1 ድል ያደረገን ሰው «ተሰጥቶት ነው» ብሎ ማቃለል ግፍ ነው!

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፤ ቼዝ የሚወድ ሰው ይህን ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። «ማሽኑ እኮ አንተ መኖርህንም አያውቅም፤ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ይሉኛል። በእኩል ሠራዊት ሲሆን ትክክል ናችሁ። ማሽን ሲያሰላ ተጋጣሚው ሁልጊዜ ከሁሉ የሚሻለውን እርምጃ ይሄዳል ብሎ ነው። ፊቱ የተቀመጠው የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካርልሰንም ይሁን ትናንት ቼዝ የጀመረ ሰው፣ ለእሱ አንድ ነው። ፈረስ ሲጎድልበት ግን ይህ ስሌት ጉድ ያመጣበታል። ተጋጣሚው ከቶ የማይሳሳት ከሆነማ፣ ፈረስ የጎደለበት ከመነሻው ተሸንፏል! እንዲያ ብሎ የሚያስብ ማሽን ተስፋ የቆረጠ ይመስል ሽንፈቱን ለማዘግየት ብቻ ይጫወታል፤ ልውውጡንም በጸጋ ይቀበላል፤ ሰውየውም በሰላም ያሸንፋል። ሠሪዎቹ ይህን አዩ። በኮሞዶ ላይ ተጋጣሚውን ዝቅ አድርጎ እንዲገምት የሚያደርግ ማስተካከያ ነበረ፤ ያ ሲበራ ማሽኑ ልውውጥ ይሸሻል፣ ነገር ያወሳስባል። ሊላ ቼስ ዜሮ የሚባለው፣ በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ሥልጠና ያደገው ፕሮግራም ደግሞ በቅርብ ዓመታት ከዚህ አለፈ። ፈረስ፣ ግንብ፣ ንግሥት ጎድሎ መጫወትን ለብቻው እንዲማር ተደረገ፤ የሚገጥመው ተጋጣሚም የሚሳሳት ፍጡር መሆኑን ይዞ እንዲያሰላ ሆነ።

አስተዋላችሁ? ማሽኑ ስለ ሰው ማሰብ የተገደደው ፈረሱን ሲያጣ ነው። ሙሉ ሠራዊት ሳለው ካንተ ምንም አይፈልግም። ፈረስ ሲጎድለው ግን ስሕተትህን ይፈልጋል፤ የት እንደምትቸኩል፣ የት እንደምትሳሳ፣ የት እንደምትደነግጥ ካልገመተ ማሸነፊያ የለውም። ለእኔ እውነተኛ ግጥሚያ ማለት ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን አንዱ ሌላውን ማወቅ የግድ ሲሆንበት። ፈረስ መቀበል ሰውን ያዋርዳል የሚሉኝ ተገልብጦባቸዋል። በእኩል ስትገጥመው ነው ከቁም ነገር የማይቆጥርህ!

ስለ ፈረስ ተነሥቶ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ሚካኤል ታልን አለመጥቀስ አይቻልም። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ በዓለም ላይ ያለችን የትኛዋንም ሴት ፈረስ ሰጥቼ አሸንፋለሁ ብሎ ነበር። የሪጋው ታል «ፊሸር ፊሸር ነው፤ ፈረስም ፈረስ ነው» ብሎ መለሰ ይባላል። እሰይ የተረብ ጌታ! የሰውየውን ችሎታ አላንቋሸሸም፤ የፈረሱንም ዋጋ አላሳነሰም። (ለፊሸር የተሟላውን መልስ የሰጠችው ግን ዩዲት ፖልጋር ናት፤ በ2002 ሞስኮ ላይ ካስፓሮቭን ፈረስም ሆነ ሌላ ስጦታ ሳትቀበል አሸነፈችው።) የታል መልስ ዛሬም ይሠራል፤ ሰዓት ካለህ። ሊላ ፈረስ ሰጥቶ በሦስት ደቂቃ ጨዋታ ግራንድማስተሮችን ሳይቀር ሲጥል ታያለህ። ረዘም ያለ ሰዓት ሲኖራቸው ግን ፈረሱ ፈረስነቱ ይመለስለታል። ስለዚህ «ፈረስ ሰጥቶኝ አሸነፍኩት» ለሚል ሰው የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ በስንት ደቂቃ? በሦስት ደቂቃ ከሆነ ቆሜ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

የመጨረሻው ተረብ በልጆቻችን የመጣ ነው፤ «ከሕፃንነታቸው ስጦታ መቀበልን አታስለምዳቸው» የሚል። ይህ ከሁሉ ያስቆጣኛል። ስልኩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሙሉ ሠራዊት ይዞ ሕፃኑን ደጋግሞ ሲያደቅቀው ምን ተማረ? ቼዝ የእሱ እንዳልሆነ ተማረ፤ ስልኩን ጣለው፤ ሄደ። የእኅቴን ልጅ እንዲያ ሊሄድ ሲል ያዝኩት። ሰሌዳውን ከፍተን የማሽኑን ንግሥት አነሣንና «በል ግጠመው» አልኩት። መጀመሪያ እንዲያም ሆኖ ተሸነፈ፤ ንግሥቱን ቶሎ አውጥቶ ወጥመድ ውስጥ እየከተተ። ከዚያ መለዋወጥ ገባው። ከዚያ ከመሄዱ በፊት «ምን ሊያደርገኝ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለመደ። አሸነፈ። ደግሞ አሸነፈ። ሳልነግረው ንግሥቲቱን መለሰለትና ግንብ አስነሣ፤ አሁን ግንቡ ላይ እየታገለ ነው።

አንድ ጎረቤታችን፣ ሰሌዳ ሲያዩ አስተያየት የማያጡ ሰው፣ ከበላዩ ቆመው አዩትና «ጎበዝ! ግን እኮ ንግሥት ተሰጥቶህ ነው ያሸነፍከው» አሉት።

ልጁ ቀና ሳይል «አዎ ጋሼ» አላቸው። «እርስዎስ ምን ተሰጥቶዎት አሸነፉት?»