ገደል ከሰማይ ሲታይ

መንገድ ከመጀመር አስቀድሞ መንገዱን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ የኋላቀርነት ምልክት መሆኑ በዚህ ዘመን ከሞላ ጎደል ተረጋግጧል። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቀው የዘመኑ ተጓዥ ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሶፋው ላይ ተደላድሎ፣ ሳተላይት ማለትም ምድርን እየዞረ የሚቃኝ ሰው ሠራሽ መሣሪያ ያነሳውን ምስል በሁለት ጣቱ እየለጠጠ የፓርኩን ካምፖች ሳንቃበርንና ግጭን ያስሳል፤ ያሰመረውንም መስመር በጂፒኤስ ላይ ጭኖ ይነሳል። ጂፒኤስ የሚባለው በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ የሚያሰላ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ከጎኑ የሚሄደው ስካውት፣ ማለትም ፓርኩ ለጎብኚ የሚመድበው መሣሪያ የታጠቀ ጠባቂ፣ «በዚህ አይኬድም» ሲለው ተጓዡ ቀና ብሎ ሳያየው ስክሪኑን ያሳየዋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን ልማድ ተቃውሞ ስለሰለቸው የቀረው ማመስገን ብቻ ነው።

ከውለታዎቹ ሁሉ የሚልቀው ሰሜንን ከገደል መገላገሉ ነው። የሰሜን ገደሎች እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳሉ ሲባል ኖሯል፤ ሳተላይት ግን የሚያየው ከአናት በላይ ሆኖ ስለሆነ ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል በምስሉ ላይ ከክር የማይወፍር ጥላ ሆኖ ይቀራል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ከጠፈር መንኮራኩር በተለካው የከፍታ መረጃም ቢሆን 30 ሜትር በ30 ሜትር ለሆነ ቁራሽ መሬት የሚደርሰው አንድ ቁጥር ብቻ በመሆኑ፣ አፋፉና ወገቡ በአማካይ ታርቀው በሰላም ይኖራሉ። በዚህ ስሌት እሜት ጎጎ ከተባለው የፓርኩ ተራራ አፋፍ ተነስቶ ቆላው ላይ የሚታየው መንደር መድረስ ከምሳ በፊት የሚያልቅ ሽርሽር ነው። ይህን ያልተቀበሉ ወገኖች ትምህርት ያስፈልጋቸዋል፤ በቅድሚያም በቅሎዎች። በቅሎ አፋፍ ላይ ስትደርስ ጆሮዋን አቁማ፣ አራት እግሯን ተክላ፣ ባለቤቷ ቢጎትታትም ቢለምናትም ንቅንቅ አልል የምትለው የሳተላይት ምልክት መቀበያ ስለሌላት ብቻ መሆኑ ግልጽ ነውና፣ በቃጭሏ ፋንታ መቀበያ ይታሰርላት፤ ሥልጠናውን ለፈጸሙት የምስክር ወረቀት ይሰጥ፣ እምቢተኞቹ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ይታዩ፣ ቃለ ጉባኤውም ለወረዳው ይላክ። በየምሽቱ ገደሉ ላይ ወርደው ለሚያድሩት ጭላዳዎች በሌለ ቦታ እያደሩ መሆናቸው በጽሑፍ ይገለጽላቸው፤ ዋልያም የሚቆምባት ድንጋይ በምስሉ ስላልተገኘች አድራሻውን በአስቸኳይ ያስተካክል።

ገደሉ ግን አለ። ከዚያ የወደቀ አይተርፍም፤ ይህንንም ለማወቅ አንድ እረኛ መጠየቅ ይበቃ ነበር። መሣሪያው በጉም ውስጥ፣ ትናንት በእግር የተረገጠውን መንገድ መልሶ ሲያሳይ፣ ያለ ሽሙጥ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ያልተረገጠውን ግን አያውቅም።

የቀሩት ጥቅሞች ብዙ ቃል አይፈልጉም። የኢትዮጵያ የቀድሞ 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በተባለ ዳተም፣ ማለትም የምድርን ቅርጽና የልኬቱን መነሻ በሚወስን ስሌት የተሠሩ ሲሆኑ፣ መሣሪያው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ስለሚጠቀም፣ ቁጥሩን ሳይለውጥ የገለበጠ ተጓዥ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል፤ ሜዳ ላይ ይህ እግር ማፍታቻ ነው፣ እሜት ጎጎ ላይ ምን እንደሚሆን በቅሎዋ ትጠየቅ። ምስል የሚመረጠው ሰማዩ ከጠራበት ወር በመሆኑ በነሐሴ የሚመጣ ሰው ጅንባር ወንዝ ላይ ሲደርስ ውኃውን በሕገወጥነት ሊከስ ይችላል። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) በፊት በተነሳ ምስል ላይ ደግሞ የግጭ መንደር ጎጆዎች ጥርት ብለው ስለሚታዩ፣ እዚያ እንቁላል ገዝቶ ለማደር ያቀደ ተጓዥ ደርሶ የሚያገኘው ሣር ነው። ነዋሪዎቹ በዚያው ዓመት ተነስተው በፓርኩ መግቢያ ባለችው ደባርቅ ከተማ ሰፍረዋል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የረገጡትን የተራራ መንገድ ሁሉ ይዘው። ተጓዡ ሲመጣ መኪናውን ሳያቆም ደባርቅን አቋርጦ አልፏል፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር።