የሙከራ ጊዜ

በሠርጋችን ዕለት ሽማግሌዎቹ «ውለዱ፣ ክበዱ!» ብለው ሲመርቁን ጉልበት ስመን አሜን ብለናል። ቀን የቆረጠልን ግን አልነበረም። ቀን መቁረጡ የመጣው በኋላ ነው፤ እሱም ከየአቅጣጫው።

አማቴ በየእሑዱ ይደውላሉ። የጨዋ ልጅ ስለሆኑ በቀጥታ አይጠይቁም። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይጫወቱና መጨረሻ ላይ «ሌላስ ልጄ? ሌላ ወሬ የለም?» ይላሉ። ባለፈው ጥር «አለ እንጂ! አዲስ ሥራ ገባሁ» ስላቸው ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አሉ። ከዚያ «እሰይ፣ እሱም ደግ ነው» አሉኝ። ሥራ እስኪደላደል እንቆይ ብለን እንደሆነ ሲሰሙ ደግሞ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አሉ። አልካድኩም። ዕድሉ እስኪደርስ ግን ዳይፐሩን የሚገዛው ደመወዝ ነው።

ሥራው በአንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኝነት ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጠየቁኝ፣ ስለ ፒችትሪ ሶፍትዌር ጠየቁኝ፣ ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ከፈታኞቹ አንዱ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ትዳር አለሽ?» አለኝ። አለኝ። «ልጅስ?» የለኝም። «ሐሳቡስ?» አሁን እንኳ የለንም አልኩት። እስክሪብቶውን አነሣና የሆነ ነገር ጻፈ። ባሌን እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ቀጣሪ የለም፤ ቢጠይቁትም «እሷን አናግሯት» ነው የሚላቸው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዲት ወዳጄ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ በቴሌግራም ላከችልኝ። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እንደ ልብ ወለድ አነበብኩት። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ይላል። በፊተኛው አዋጅ 45 ቀን ነበር፤ እኔ እስክደርስ ረዘመ። ለወላድ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ፣ ከሙሉ ደመወዟ ጋር። «ዓመት ካልሞላሽ አይሰጥሽም» የሚባለው የሻይ ቤት ሕግ ነው፤ አዋጁ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ያረገዘች ሠራተኛ ሕጉ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች በቀር እስክትወልድ፣ ከወለደችም እስከ አራት ወር አትባረርም። ልጁ ቸኩሎ 30ው ቀን ሳያልቅ ቢወለድ ግን የ90ው ቆጠራ በዚያው ይጀምራል። ችኩል ልጅ የእናቱን ፈቃድ በልቶ ነው የሚወለደው ማለት ነው።

የአባትየው ነገር የበለጠ አስቆኛል። ሲያገባ ሦስት ቀን፣ ዘመድ ሲሞትበት ሦስት ቀን፣ ሲወልድ ሦስት ቀን ይሰጠዋል። ብቻ የሠርጉና የሐዘኑ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ሲሆን የልጁ በተከታታይ ቀን ነው። ሚስቱ ዓርብ ማታ ከወለደች ቅዳሜና እሑድ ፈቃዱን ይዘውበት ይሄዳሉ። ይህን ጮክ ብዬ ሳነብለት ባሌ «እንግዲያው ሰኞ ውለጂ» አለኝ።

ደግ ሕግ ነው፤ እውነቴን ነው። ሰው የሚፈራው ግን ሕጉን ሳይሆን ፊት ነው። ቁርጡን ያሳየችኝ ደግሞ ከወሊድ የተመለሰች ባልደረባዬ ናት። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ» ተብሎ ተለጥፏል፤ ፈቃዱ የሚያልቀው በሦስተኛው ወር ነው። የቀረውን የምትሞላው እሷ ናት። ጠዋትና ከሰዓት መዝገብ ቤት ትገባና በሩን በወንበር ደግፋ፣ በ2012 እና በ2013 የደረሰኝ ጥራዞች መሀል ተቀምጣ ወተቷን አልባ ትወጣለች። ጠርሙሱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ፍሪጅ ውስጥ ከእኛ የሽሮ ምሳ ዕቃ ጀርባ ትሸሽገዋለች። አንድ ቀን ጠርሙሱ ጎድሎ ተገኘ። ማን እንደነካው አልታወቀም። የታወቀው፣ ሽያጭ ክፍሎች ያን ዕለት ቢሯቸው ውስጥ ማኪያቶ ሠርተው መጠጣታቸው ብቻ ነው። በነጋታው ፍሪጁ ላይ በማርከር የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ይህ ወተት ለማኪያቶ አይደለም!» ከዚያ ወዲህ ሽያጭ ክፍል በሙሉ ጥቁር ቡና ጠጪ ሆኗል።

እኔ ሲጨንቀኝ ኤክሴል እከፍታለሁ። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ሰኔ 30 የጠፋች የሒሳብ ሠራተኛ በሠርጓ ቀን የጠፋች ሙሽራ ናት። ከዚያ በቀር መስከረም 30፣ ታኅሣሥ 30 እና መጋቢት 30 የሩብ ዓመት መዝጊያ አለ። ሩብ ዓመቱ ጳጉሜን ሳይጨምር 90 ቀን፣ የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ነው። ስለዚህ በየትኛውም ወር ብወልድ ቢያንስ አንድ መዝጊያ ያመልጠኛል። ጉዳቱ ቀለል የሚለው የመጋቢቱ ነው። ጥር 1 ልውጣ፣ የካቲት 1 ልውለድ፣ ሚያዝያ 30 ፈቃዴን ልጨርስ። ለዚህ ግንቦት 10 አካባቢ መፀነስ አለብኝ።

ቀጥሎ የጾም ዓምድ ጨመርኩ። ሁዳዴ 55 ቀን፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት፣ በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ። በነዚህ ቀናት የሚቀረው ሥጋና ወተት ብቻ እንዳልሆነ ያገባ ያውቃል። ግንቦት 10 ግን ፋሲካ ቀደመም ዘገየ ከበዓለ ሃምሳ አይወጣም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የሙከራ ጊዜዬም እስከዚያ ያልቃል። ሦስት ዓምድ አንድ ረድፍ ላይ ሲስማሙ ሳይ ረድፉን አረንጓዴ ቀባሁት። ባሌን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሳየሁት፤ «ቆንጆ ነው» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ያንን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ስልኬን ተቀብላ ኤክሴሉን ወደ ታች ወደ ላይ እያለች አየችው። «እንቁላል የሚወጣበት ቀን የትኛው ዓምድ ላይ ነው?» አለችኝ። በአንድ ዙር ለመፀነስ የሚያመቹት ቀናት ቢበዙ ስድስት ናቸው አለች። ጤነኛ ባልና ሚስትም እስከ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ዓመት ካለፈ፣ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፣ ያኔ መመርመር ነው። የሦስት ወሩን መርፌ ስትወጋ የቆየች ደግሞ ካቆመችም በኋላ ወራት ሊዘገይባት ይችላል (እኔ ተመስገን፣ የኪኒን ደንበኛ ነበርኩ)። የመውለጃዬን ቀን እንዴት እንደቆጠርኩ ጠየቀችኝ። እሷ የምትቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ ጀምሮ 40 ሳምንት ነው። አማቴ የሚቆጥሩት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው፤ ከመጋቢት 29 ብሥራት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት። መነሻቸው ቢለያይም፣ ሳሰላው ቁጥሮቹ የሚለያዩት በአምስት ቀን ብቻ ነው። ሕክምናና አማት እንዲህ ተቀራርበው አይቼ አላውቅም።

ስወጣ ፎሊክ አሲድ አዘዘችልኝ፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከአሁኑ ጀምሮ። የልጁ አንጎልና አከርካሪ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ገና እናትየው ሳታውቅ ነውና ካረገዙ በኋላ መጀመር ይዘገያል። ፋርማሲው ውስጥ ልጁ ወረቀቱን አየና «ስንት ወርሽ ነው?» ብሎ ከመደርደሪያው ጀርባ ጮኸ። ከኋላዬ ተራ የያዙት የአከራያችን እህት ነበሩ። በዚያው ሳምንት አከራያችን «ሕፃን ባለበት ቤት ውኃ ይበዛል» ብለው ኪራይ ጨመሩብን። ኪራዩን እየከፈልን ነው፤ ሕፃኑ ገና ነው።

ግንቦት መጣ። ግንቦት 6 ቀን ባሌ ለመስክ ሥራ ጋምቤላ ተላከ። ኤክሴሉን በስልክ ላኩለት፤ አረንጓዴዋን ረድፍ አክብቤ፣ ሦስት ቃለ አጋኖ ጨምሬ። «የመስክ አበሉ ጥሩ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሲመጣ ሰኔ ገብቷል፣ እኔም ከመዝጊያው ጋር ተያይዤ ከቢሮ የምወጣው በሌሊት ነው። አማቴ በስልክ «ግንቦት እንኳን አለፈ፤ ደግ ወር አይደለም» ሲሉኝ አሜን አልኩ።

ከእንቁጣጣሽ በዓል ተመልሰን፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ልንወጣ ስንል አለቃዬ ቢሮዋ ጠራችኝ። ሰፋ ያለ ቀሚስ ለብሳለች፤ ክረምቱን በሙሉ ሰፋ ያለ ቀሚስ ለብሳለች።

«በሩን ዝጊው» አለችኝ። «ጥር 1 እወጣለሁ። ሚያዝያ 30 ፈቃዴን እጨርሳለሁ። የሚያመልጠኝ የመጋቢቱ መዝጊያ ብቻ ነው።»

ቆጠርኩላት። ግንቦት 10 አካባቢ። እሷም ኤክሴል ትችላለች ለካ! ባሏ ደግሞ መስክ አይወጣም።

«እስክመለስ ተጠባባቂ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ» ተባባልን፤ ማን ለማን እንደሆነ ሳንለይ።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። የእኔን ቦታ ሰው ይዞታል አልኩት፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ መውጣት አንችልም፤ እንግዲህ ለከርሞ ግንቦት ነው። እሱ እንጀራውን እየጠቀለለ «እሷ ሚያዝያ 30 ፈቃዷን ከጨረሰች፣ አንቺ ግንቦት 1 ትወጫለሻ» አለኝ።

«ሰኔ 30ስ?»

«እሷ ትዝጋው። አለቃ አይደለች?»

ስንት ወር ሙሉ ያላሰብኩትን ሰውዬው በሁለት ጉርሻ መሀል አሰበው። ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ግንቦት 1 ለመውጣት ሰኔ 1 መውለድ። ሰኔ 1 ለመውለድ መስከረም 5 አካባቢ መፀነስ። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። መስከረም 3፣ ቅዳሜ። ጾም የለም። መስክ የለም። ነገ ሥራ የለም።

«በል ራትህን ቶሎ ጨርስ» አልኩት።