ስለ ማሟሻ እንጀራ አጭር ጥናት

ሰው ዕድሜ ልኩን መማርና መሞከር አለበት የሚለው ፍልስፍና በብዛት የሚሰበከው በስብሰባ አዳራሽ ሲሆን፣ ከልብ የሚሠራበት ግን ማዕድ ቤት ነው፤ በተለይም በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አፓርታማዎች ውስጥ እንጀራ በሚጋገርበት ማዕድ ቤት። አገር ቤት ሳለች በሁለት በሦስት ቀን ዓይናማ እንጀራ ታወጣ የነበረች ባለሙያ፣ እዚያ ስትደርስ ዱቄቱም፣ ውሃውም፣ አየሩም ስለሚለወጥባት ሙያዋን ከሀ ሁ መጀመሯ አይቀርም።

ጤፍ እንደ ልብ ባልተገኘበት በቀደመው ዘመን፣ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው፣ ማንፊያ አስቀድሞ የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት ይበጠበጥና የአምቦ ውሃ የሩቅ ዘመድ የሆነው ክለብ ሶዳ ይጨመርበት ነበር፤ የሚወጣውም በመልኩ እንጀራ፣ በጠባዩ ፓንኬክ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የተመለሰው አሜሪካዊ ዌይን ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አይዳሆ ላይ ጤፍ ማልማት ከጀመረ ወዲህ የእህሉ ነገር ቀለለ፤ የሊጡ ግን አልቀለለም።

እርሾ፣ ማለትም ከቦካ ሊጥ ላይ የሚያቅረው ቢጫማ ውሃ፣ በውስጡ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ስላሉ እንደማንኛውም ስደተኛ ብርድ አይወድም፤ ስለዚህ በክረምት የሊጡ ባልዲ ጋቢ ተከናንቦ ማሞቂያ አጠገብ ይቀመጣል፣ በበጋ ደግሞ ማንም ሳይነካው ክዳኑን ገፍቶ ምንጣፍ ላይ ይወርዳል። አብሲት የሚባለው፣ ከቦካው ሊጥ ጥቂቱን በፈላ ውሃ አብስሎና አቀዝቅዞ መልሶ መቀላቀል፣ ከሁሉ የረቀቀው ምዕራፍ ነው፤ ጤፍ የስንዴን ሊጥ የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለው፣ የበሰለው አብሲት ሊጡን አወፍሮ አየሩን ይይዝለታል፣ አየሩም ምጣድ ላይ ፈንድቶ ሲወጣ ዓይን ይተዋል። አብሲት ሲበዛ እንጀራው ይላቁጣል፣ ሲያንስ ይደርቃል፤ ትክክለኛው መጠን ስንት እንደሆነ የተጠየቀች ባለሙያ ሁሉ «እጅሽ ይነግርሻል» ብላ ታልፋለች።

የዚህ ምርምር ትልቁ ጉድለት መዝገብ አለመያዙ ነው። ተመራማሪዋ በአንድ ቀን ዱቄቱን፣ ውሃውንና ምጣዱን ለውጣ ስታበቃ፣ እንጀራው ካማረ ሙያዋን፣ ካላማረ የቧንቧውን ክሎሪን ወይም ትናንት የመጣችውን እንግዳ ትጠረጥራለች። በአንጻሩ ሊመሰገን የሚገባው አሠራር የማሟሻው ነው፤ የመጀመሪያው እንጀራ ምጣዱን ለማሟሸት ተብሎ ስለሚጋገር ቢቀደድም፣ ቢያርም፣ ማንም አያዝንበትም፣ ይህን ያህል አስቀድሞ ለውድቀት በጀት የሚይዝ መሥሪያ ቤትም እምብዛም አይገኝ።

ማሟሻውን የሚቀምሱት ግን የታመኑ ዳኞች አይደሉም። አባወራው የቀረበለትን ሁሉ «ይጣፍጣል» ስለሚል አስተያየቱ ለሳይንስ አይጠቅምም፤ ልጅየው ደግሞ የተኮማተረውን ቁራጭ በትኩሱ ቅቤና በርበሬ ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ፣ «እማዬ፣ ሌላውንም እንደዚህ አድርጊው» ይላል፤ እንዴት እንደተበላሸ ግን የመዘገበ የለም።