ኦፔራ ገብታ ኦፕራ ስትወጣ

ማንም የማይናገረውን ቋንቋ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እያበጁለት ዕድሜያቸውን የሚገፉ ሰዎች አሉ። ከእነሱ መካከል ጠንቃቆቹ ልጁን ከመውለዳቸው በፊት አያቱን ይወልዳሉ፤ መጀመሪያ ጥንታዊ ቋንቋ ይፈጥሩና በድምፅ ለውጥ ሕግ እያስረጁ ወደ ዛሬ ያመጡታል። ደራሲው ቶልኪን እንዲህ ነበር የሚሠራው። ለዛፍ «ጋላድ» የሚል ሥር አበጀ፤ በፈጠረው የክዌንያ ቋንቋ የመጀመሪያዋን «ግ» ጥሎ «አልዳ» አደረገው፣ በሌላው ቋንቋው በሲንዳሪን ግን «ግ»ዋን አቆይቶ የመጨረሻዋን «ድ» ብቻ አለሰለሳት። ሁሉንም የሠራው በእጁ ስለሆነ፣ ሲሳሳት የሚያሳብብበት ኮምፒዩተር እንኳ አልነበረውም።

የዛሬዎቹ ማሳበቢያ አላቸው። ከታወቁት የድምፅ ለውጥ ፕሮግራሞች አንዱ የማርክ ሮዘንፌልደር «ኤስሲኤ» ነው። ቃላቱ በአንድ ፋይል፣ ሕጎቹ በሌላ ፋይል ይጻፋሉ፤ በጥቁሩ መስኮት ትእዛዙ ሲሰጥ ቃላቱ በዐይን ቅጽበት የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ ይጠግባሉ። ሕግ ማለት በስላሽ የተለዩ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሚለወጠው፣ የሚተካውና ቦታው። ናሙናው ከላቲን ወደ ፖርቱጋልኛ ነው። «ፎኩስ» ገብቶ «ፎጎ»፣ «ሌክቶር» ገብቶ «ሌይቶር» ሆኖ ይወጣል።

ጣጣው የሚመጣው ከታዛዥነቱ ነው። ፕሮግራሙ ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች እንደተጻፉ ይፈጽማል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። «ኦፔራ»ን እንይ። አንደኛው ሕግ በሁለት አናባቢ መካከል ያለች «ፕ» «ብ» ትሁን ይላል፤ ሌላው በተነባቢና በ«ር» መካከል ያለች «ኤ» ትውደቅ ይላል። በዚህ ወረፋ ከሄዱ «ኦፔራ» መጀመሪያ «ኦቤራ»፣ ቀጥሎ «ኦብራ» ትሆናለች፤ ፖርቱጋሎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሁለቱ ሕጎች ቦታ ከተለዋወጡ ግን «ኤ» ቀድማ ትወድቃለች፣ «ፕ»ም አንድ ጎረቤቷን ስላጣች ከመለስለስ ትተርፋለች። ፖርቱጋልኛ ሲጠብቅ ለቆየው ሰው «ኦፕራ» ብቅ ትልለታለች፤ አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን እመቤት።

«አዶፕታሬ»ም እንዲሁ ናት። በደህና ቀን «አዶታር» ሆና ትወጣለች። «ፕ»ን ከ«ት» በፊት የሚጥለው ሕግ ቀድሞ ከተሰለፈ ግን «ት» በአናባቢ መካከል ብቻዋን ትቀርና እሷም ለስልሳ «አዶዳር» ይመጣል። ሕጎቹ አንድ በአንድ ሲመረመሩ ሁሉም ትክክል ናቸው! የስህተት መልእክትም የለም።

ይህኛው ቢያንስ በዐይን ይታያል። የማይታየው ይብሳል። በቃል መጨረሻ ያለች «ስ» ትውደቅ የሚል ሕግ ተጽፎ እያለ «ፎኩስ» «ፎጉስ» ሆኖ ይወጣል። ሰውየው ሕጉን ያነበዋል፣ ይሰርዘዋል፣ እንደገና ይጽፈዋል፤ «ስ» ወይ ፍንክች! ነገሩ ወዲህ ነው፤ ዊንዶውስ የየመስመሩን መጨረሻ በሁለት ስውር ምልክቶች ሲዘጋ ሊኑክስ በአንድ ብቻ ይዘጋል። ትርፏ ምልክት የድሮ የጽሕፈት መኪና ሠረገላ ወደ መስመሩ መጀመሪያ የሚመለስበት ትእዛዝ ቅርስ ናት። የሊኑክስን ልማድ ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም እሷን የቃሉ የመጨረሻ ፊደል አድርጎ ይቆጥራታል፤ እንዲህ ሲሆን «ስ» መጨረሻ መሆኗ ቀረ። ስውር ምልክቶችን የሚያሳይ ትእዛዝ ሲሰጥ ከየቃሉ ጭራ ተለጥፈው ይገኛሉ።

በአማርኛ የሞከረ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። «ከፋች» ከ«ከፋቲ» ይመጣ ዘንድ ሁለት ሕግ ይበቃል፤ «ት» ከ«ኢ» በፊት «ች» ትሁን፣ ከዚያ ከ«ች» በኋላ ያለች «ኢ» ትውደቅ። ወረፋው ሲገለበጥ «ከፋቺ» ተገትራ ትቀራለች። ከስንፍና ብዛት ሁለተኛውን ሕግ «በቃል መጨረሻ ያለች ኢ ትውደቅ» ብሎ ያሳጠረ ደግሞ «ፈላጊ»ን «ፈላግ»፣ «ጠባቂ»ን «ጠባቅ» አድርጎ ያርፈዋል። ያውም ፊደላችን ፈቃደኛ ሲሆን ነው። «ቲ» ለኮምፒዩተሩ አንድ ምልክት ናት፤ ፕሮግራሙ በውስጧ «ት»ንም «ኢ»ንም ቢፈልግ አያገኝም። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ በባይት የሚቆጥር አሮጌ ፕሮግራም «ቲ»ን ሦስት ፊደል ናት ይላል። መፍትሔው ቃሉን አስቀድሞ «ት» እና «ኢ» ብሎ መበተን ነው።

የትኛው ሕግ የትኛውን ቃል እንደነካ ደረጃ በደረጃ ማሳተም ደግሞ ከሁሉም በላይ ይረዳል። የቋንቋ ፈጠራ ሱሰኛው ግን ይህን አይመርጥም። «አዶዳር»ን ማቃናት ሲታክተው «የደጋ ዘዬ» ብሎ ይመዘግበዋል፣ ለዘዬውም አዲስ የሕግ ፋይል ይከፍትለታል፤ እነዚያም ሕጎች በበኩላቸው በወረፋ ይጣላሉ።