የእንግሊዝኛ የቀለም ፈሊጦች አመል በኢሉባቦር፤ መነሻ ጥናት

የእንግሊዝኛ ፈሊጥ በኢሉባቦር የሚገኘው በተማሪ ደብተር የመጨረሻ ገጾች ላይ ነው። ከደብተር ወደ ደብተር እየተገለበጠ ይራባል፤ ፈተና ሲደርስ ይበዛል፤ ፈተናው ሲያልቅ ደብዛው ይጠፋል። ከእነዚህ መካከል ቀለም ያላቸውን ለይተን ከመቱ እስከ ያዮ ጠባያቸውን መርምረናል። በአራት ምድብ ይከፈላሉ፦ የሰማይ፣ የቢሮ፣ የበግ እና የቡና።

«አውት ኦፍ ዘ ብሉ» የሰማይ ነው፤ ሳይታሰብ ዱብ ያለ ነገር ማለት ነው። ጎሬ ግን በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በሐምሌ ሳይታሰብ ዱብ የሚለው ሰማያዊው ራሱ ነው። ምድቡ ተዘግቷል።

«ሬድ ቴፕ» የቢሮ ነው። እንግሊዞች ፋይላቸውን በቀይ ጥብጣብ ያስሩ ስለነበር ምልልሳቸው ቀይ ሆኖ ቀረ። የእኛ ምልልስ የማኅተሙን ቀለም ይዞ ሰማያዊ ነው። ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ስለሆነ ይህን ምድብ ማጠናቀቅ አልተቻለም። የበጉ ምድብ አንድ ጥቁር አባል ብቻ ስለነበረው በዓል ሲደርስ አልቋል።

የቡናው ምድብ ሰፊ ነው። ሌባን እጅ ከፍንጅ መያዝ በእንግሊዝኛ «ሬድ ሃንድድ» ይባላል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው በያዮ ደን አካባቢ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ደህና ለቃሚ አረንጓዴውን ለሌላ ቀን እየተወ፣ ቀዩን ፍሬ ብቻ አንድ በአንድ ይለቅማል። ሌባ ለመምረጥ ጊዜ የለውም፤ በጨለማ ገብቶ ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ ይሸመጥጠዋል። ስለዚህ ከረጢት ሲፈተሽ ቀይ የተገኘበት ሰው በሰላም ይሄዳል፤ አረንጓዴ የተገኘበት ቁጭ በል ይባላል። ተማሪዎች ለፈተና «ሬድ»፣ ለቡና ጥበቃ አረንጓዴ ብለው ሁለቱንም ይዘዋል። ቲቸር ግን ከ«ሬድ» ውጭ ነጥብ አይሰጡም።

«ኢን ዘ ሬድ» ዕዳ ውስጥ መግባት፣ «ኢን ዘ ብላክ» ትርፍ ላይ መሆን ነው። ይህን ለማስረዳት ጠመኔ አያስፈልግም። የቸገረው ገበሬ ቡናውን በቀዩ፣ በእሸቱ ያስረክባል፤ የባሰበትማ ገና በአበባው ይሸጠዋል። መታገሥ የቻለ አልጋ ላይ ያሰጣዋል፤ ጠዋት ይገልጠዋል፣ በየሰዓቱ ያገላብጠዋል፣ ደመና ሲያጉረመርም ላስቲክ ይዞ ይሮጣል፣ ዶሮ ያባርራል፣ ልጆቹን ይቆጣል። ፍሬው ሳምንታት ቆይቶ ይጠቁርና ጀንፈል ይሆናል። ያኔ ጎተራው ውስጥ ከትቶ፣ ዋጋ የሚጠይቀውን ነጋዴ «እስቲ እናያለን» ይለዋል። ባለጥቁር ማለት ይህ ሰውዬ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ለእንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከፈቀዱላቸው ወዲህ የኢሉባቦር ቡና በጋምቤላ በኩል በመርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር፤ ጎሬም የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት። ቆንስሉ ፈሊጡን ከአንድ ባለጀንፈል ሰምቶ ወደ አገሩ ጽፏል የሚል መላምት አቅርበናል። ፈረንጆቹ ከሂሳብ መዝገብ ቀለም የመጣ ነው ይላሉ። ይበሉ።

ነጭን እና ቢጫን ለመመርመር ታቅዶ ነበር። ነገር ግን ኅዳር ገብቶ ቡናው ቀላ፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች ከክፍል ቀርተው ለቀማ ወጥተዋል። ቲቸርም አብረው ናቸው።