የሽንት ቤት ቧንቧን አበላሽቶ የማገናኘት ዘጠኝ መንገዶች

ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ቀለሙ ይጨነቃል፤ ለሴራሚክ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ለበሩ ቁልፍ ሳይቀር ዋጋ ያወዳድራል። ከመጸዳጃ ቤቱ ተነሥቶ በግቢው መሬት ሥር አልፎ መንገድ ዳር ካለው ዋና የፍሳሽ መስመር ጋር የሚገናኘው ቧንቧ ግን ጠዋት ተቆፍሮለት ሳይመሽ አፈር ይለብሳል። ስለማይታይ የሚጠይቅበት የለም።

ከዚህ በታች የተዘረዘረው ይህን ሥራ ለማበላሸት የሚያስችል ምክር ነው። በየግቢው ሲፈጸም የኖረ ስለሆነ አዲስ የተፈለሰፈ የለበትም። ከእያንዳንዱ ምክር ሥር ምን እንደሚያስከትልና ትክክለኛው መንገድ የቱ እንደሆነ በግልጽ ጽፌአለሁ፤ አንባቢ ምክሩን ገልብጦ እንዲሠራበት አደራ እላለሁ። አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ካለው እንጦጦ ወደ አቃቂ ቁልቁል የምትወርድ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ቦታ ከላይ ያለው ሰው ያጠፋው ከታች ባለው ጎረቤት ደጅ ይወጣል።

አንደኛ፦ ማንንም ሳይጠይቁ ቅርብ ባገኙት መስመር ላይ ይቀጥሉት

ከመንገዱ ሥር ሁለት ዓይነት መስመር አለ። አንዱ የቤት ፍሳሽ ተቀብሎ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ፣ ለምሳሌ ወደ ቃሊቲ፣ ይወስዳል። ሌላው የዝናብ ጎርፍ ተቀብሎ ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ ይጨምራል። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም ክዳን ያለው ጉድጓድ (ማንሆል) ናቸው። ሳይጠይቅ የቀጠለ ሰው ከጎርፍ መውረጃው ጋር ካገናኘው የቤተሰቡ ዓይነ ምድር በቀበና ወይም በባንተይቀጡ አድርጎ ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብና ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአቃቂ ዳርቻ ጎመንና ሰላጣ በዚያው ውሃ ይለማል፤ የለማውም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። ቧንቧውን ያገናኘው ሰው ራሱ ከዚያ ጎመን ይገዛል።

ትክክለኛው መንገድ አዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ሄዶ መስመሩ የት እንደሚያልፍ ማስጠቆምና ማገናኘቱን በፈቃድ ማሠራት ነው። ቀደም ሲል የተገናኘ ቤት የገዛ ሰውም ማረጋገጥ ይችላል፤ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፍቶ ቀለሙ በየትኛው ማንሆል ብቅ እንደሚል ማየት ነው።

ሁለተኛ፦ የዋናውን መስመር ጥልቀት ሳይለኩ ቁፋሮ ይጀምሩ

ፍሳሽ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይሄዳል እንጂ የሚገፋው ሞተር የለውም። ስለዚህ ሁሉን የሚወስነው መድረሻው ነው። ማንሆሉ ተከፍቶ የመስመሩ ወለል ከመሬት በታች ስንት እንደሆነ ሳይለካ ከቤት በኩል የተጀመረ ቁፋሮ ዋናው መስመር ጋ ሲደርስ ቧንቧው ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዚያ ሰዓት ገንዘቡም ጉልበቱም አልቋልና ቧንቧውን ሽቅብ አድርጎ መግጠም ይመጣል።

ሌላም መለካት ያለበት ነገር አለ። ዋናው መስመር ሲደፈን ፍሳሹ ወደ ኋላ ይሞላና መጀመሪያ ባገኘው ዝቅተኛ ክፍተት ይወጣል። የቤቱ ወለል በመንገዱ ላይ ካለው የማንሆል ክዳን ዝቅ ያለ ከሆነ ያ ክፍተት የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ነው። ምድር ቤት ያለው ወይም ከመንገድ በታች የተሠራ ቤት ፍሳሹን አሳልፎ እንዳይመለስ የሚዘጋ ቫልቭ ያስፈልገዋል፤ ቫልቩም ተከፍቶ ሊጸዳ በሚችልበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ሦስተኛ፦ ተዳፋቱን በዓይን ይገምቱ

110 ሚሊ ሜትር የሆነው የሽንት ቤት ፒቪሲ ቧንቧ በየሜትሩ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ጥሩ ነው። 10 ሜትር ርቀት ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ግማሽ በታች ሲሆን ውሃው አልፎ ደረቁ ነገር ወደ ኋላ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መሐሉ የሰረጎደ ቧንቧ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ተለክተው ትክክል ቢሆኑ እንኳ በሰረጎደው ቦታ ውሃ ያቁራል፤ በዚያ ላይ ቅባት ይረጋል፤ ወረቀቱ ይከመራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሽንት ቤቱ መመለስ ይጀምራል።

ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ መወጠርና በውሃ ልክ እያንዳንዱን ቧንቧ ማየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የቧንቧው ሰፊ አፍ ፍሳሹ ወደሚመጣበት ወደ ላይ ይዙር። ካልዞረ በየመጋጠሚያው የሚያደናቅፍ ጠርዝ ይፈጠራል። አቅጣጫ በሚቀየርበት ቦታ ሁሉ የመፈተሻ ጉድጓድ ይደረግ፤ በአንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ የሚታጠፍ ማገናኛም ከመሬት ሥር አይቀበር።

አራተኛ፦ ዋናውን ቧንቧ በመዶሻ በስተው የእርስዎን ቧንቧ ይወትፉበት

ከሁሉም በላይ ጎረቤት የሚጎዳው በዚህ ነው። በመዶሻ የተመታ የሲሚንቶ ቧንቧ ከተበሳው ቦታ አልፎ ይሰነጠቃል፤ ስብርባሪው ውስጥ ይወድቃል። የተወተፈው ቧንቧ ጫፍ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ከላይ የሚመጣውን ሁሉ ይይዛል፦ ጨርቅ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ እርጥብ የፊት መጥረጊያ። በዓል ሲውል ደግሞ በየግቢው የታረደው በግ ፈርስ በውሃ ታጥቦ ይለቀቃል፤ ሞራና የወጥ ቅባትም ሙቅ ሆኖ ገብቶ መስመሩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ከፋሲካ ማግስት ማንሆል ሞልቶ መንገድ ላይ ሲፈስ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። መስመሩ የተደፈነው አንድ ቤት በወተፈው ቧንቧ ቢሆንም፣ የሚሞላባቸው ከበላዩ ያሉት ቤቶች ሁሉ ናቸው።

ማገናኘት ያለብን በማንሆል ነው። አዲሱ ቧንቧ ከዋናው ቦይ በላይ ሆኖ፣ ወደ ፍሳሹ መሄጃ አቅጣጫ ዘንበል ብሎ ይግባ፤ የማንሆሉ ወለልም ፍሳሽ እንዳይቀመጥበት በሲሚንቶ ወደ ቦዩ ተዳፍቶ ይለሰን። ማንሆል ሩቅ ከሆነና መስመሩ ላይ መቀጠል ግድ ከሆነ ክብ ቀዳዳ በሚያወጣ መሣሪያ ተበስቶ ቧንቧውን ከውጭ የሚያቅፍ ማገናኛ በላይኛው ግማሽ ላይ ይገጠማል። ይህ የባለሥልጣኑ ባለሙያ ሥራ ነው።

አምስተኛ፦ የአየር መውጫውን ቧንቧ እንደ ትርፍ ወጪ ይቁጠሩት

ከሽንት ቤቱ፣ ከመታጠቢያውና ከወለሉ መውረጃ ሥር የታጠፈ ክፍል አለ። በውስጡ የሚቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውሃ ቤቱን ከፍሳሽ መስመሩ አየር የሚለየው ብቸኛ በር ነው። ሽንት ቤት ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ውሃ ከኋላው አየር ይስባል። ከጣሪያ በላይ የወጣ የአየር ቧንቧ ከሌለ የሚስበው ከመታጠቢያው መውረጃ ነውና ያንን ውሃ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሽታው በቤት ውስጥ ይኖራል።

ጉዳቱ በመጥፎ ሽታ ብቻ አያበቃም። በ2003 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ከ300 በላይ ነዋሪዎች ሳርስ በተባለው የመተንፈሻ በሽታ ተይዘዋል። ምርመራው ካመለከታቸው ዋና መንገዶች አንዱ ውሃቸው የደረቀ የወለል መውረጃዎች ነበሩ፤ የተበከለው ርጭት በእነርሱ በኩል ወደ ቤቶቹ ገብቷል። ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ይህን ልብ እንበል። የአየር ቧንቧውን ከጣሪያ በላይ እናውጣ፤ የማንጠቀምበት የወለል መውረጃ ካለም በየሳምንቱ ውሃ እናፍስበት።

ስድስተኛ፦ የጣሪያውን ውሃ እዚያው ይጨምሩት

አሸንዳውን ከሽንት ቤቱ ቧንቧ ጋር ማገናኘት ቁፋሮ ይቀንሳል። ሆኖም 100 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 3,000 ሊትር ውሃ ይሰበስባል። ለቤት ፍሳሽ የተለካ መስመር ከየግቢው ይህን ያህል ሲጨመርበት አይችለውም። በሐምሌና በነሐሴ የማንሆል ክዳን በፍሳሽ ተገፍቶ የሚነሣው፣ ልጆች የሚመላለሱበት መንገድም የሚበከለው ለዚህ ነው። የጣሪያ ውሃ ወደ ጎርፍ መውረጃ ወይም ወደ ማጠራቀሚያ በርሜል ይሂድ።

ሰባተኛ፦ ከመጠጥ ውሃው ጋር በአንድ ቦይ ያስተኙት

አንድ ቦይ ለሁለት ቧንቧ መቆፈር ገንዘብ ያድናል። በአዲስ አበባ ግን ውሃ በፈረቃ ይመጣል። ውሃው ያለ እንደሆነ ግፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ ቧንቧው ቢሰነጠቅም ይፈሳል እንጂ አያስገባም። ውሃው ሲሄድ ግን ግፊቱ ይወርድና ቧንቧው በዙሪያው ያለውን ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። በዙሪያው ያለው ከተሰነጠቀ የፍሳሽ ቧንቧ የራሰ አፈር ከሆነ፣ ፈረቃው ደርሶ ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀዳው እሱ ነው።

በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ብሮድ ስትሪት አካባቢ ከ600 በላይ ሰው ከፈጀው ኮሌራ በስተጀርባ የተገኘው የአንድ ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ነበር። ጡቡ ላልቶ የሚያሾልክ ሆኖ፣ ሰፈሩ ከሚጠጣበት የውሃ ጉድጓድ ያለው ርቀት አንድ ሜትር አይሞላም ነበር። እኛም በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ ገብቶ አይተናል። የፍሳሹ ቧንቧ በራሱ ቦይ፣ ከመጠጥ ውሃው በታችና በተቻለ መጠን ርቆ ይለፍ።

ስምንተኛ፦ የቀን ሠራተኛውን ማንሆል ውስጥ ያስገቡት

በዚህ ምክር ሰው ይሞታል። በፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ጥቂት ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ «አሁን አይሸትም» የሚባልበት ሰዓት የባሰው ሰዓት ሊሆን ይችላል። የወደቀውን ሊያወጣ ተከትሎ የገባው ሰውም እዚያው ይቀራል። በዚያ ላይ ሚቴን አለ፤ ክብሪት አያስጭርም።

መግቢያው ጠባብ፣ ጥልቀቱም ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ መለኪያ፣ አየር መንፊያ፣ የታሰረ ገመድና ከላይ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ማንም አይግባ። ለዕለት ጉርሱ የመጣ ወጣት እምቢ ለማለት አቅም ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ መከልከል ያለበት አሠሪው ነው።

ዘጠነኛ፦ ሳይፈትሹ ይቅበሩት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የታችኛውን አፍ ደፍኖ፣ ቧንቧውን በውሃ ሞልቶ ለግማሽ ሰዓት መጠበቅ የሚያሾልክ መጋጠሚያ ካለ ያጋልጣል። ቦዩ ክፍት እያለ መጠገን የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ግን ማፍረስ ይሆናል። ከፈተናው በኋላ ቧንቧው በአሸዋ ላይ ይተኛ፤ በዙሪያውም በላዩም ድንጋይ የሌለው አፈር ይልበስ። መኪና የሚያልፍበት ከሆነ በላዩ ኮንክሪት ይፍሰስ። ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ይነሣ፤ ከግድግዳው ያለው ርቀትና ጥልቀቱ በወረቀት ተጽፎ ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጥ። ነገ ለሚጠግነውም፣ ቤቱን ለሚገዛውም ይጠቅማል።

ዘጠኙም ምክሮች የሚያድኑት ገንዘብ ጥቂት ነው። ያንን ገንዘብ የሚከፍለው ከታች የሚኖረው፣ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቀው፣ ማንሆል ለማጽዳት የሚጠራው ሰው ነው። ይህ እንዳይሆን የቤቱ ባለቤት አንድ ሥልጣን አለው፦ ሠራተኛው አካፋውን አንሥቶ አፈር ሊመልስ ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ ውሃ እንሙላበት» ማለት። ይህን ያለ ሰው ለራሱም ለጎረቤቱም ቤት ሠርቷል።